«ሐማት ሞት»፦ ሐረር ታሪኳን የጠበቀችበት ማኅበርና የመዝገቡ ቋንቋ

ሐረር የታሪክ ማኅበር የላትም ሲባል የሰማሁት ወደ ከተማዪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሄድ በምሰናዳበት ወቅት ነበር። ይህን የነገረኝ የሙያ ባልደረባዬ ከተማዪቱን ለማሳነስ አስቦ አልነበረም፤ በልቡ የያዘው መለኪያ ሌላ ስለ ነበረ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ «የታሪክ ማኅበር» ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው፣ በ1923 የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ማኅበር ሆኖ ተቋቁሞ ኋላ «የኡጋንዳ ማኅበር» የተባለው፣ ከ1934 ጀምሮም የራሱን መጽሔት ያሳተመው ዓይነት ስብስብ ነው፤ ወይም በ1936 መውጣት በጀመረው የታንጋኒካ ማስታወሻና መዛግብት መጽሔት ዙሪያ የተሰባሰበው የጸሐፊዎችና የአንባቢዎች ክበብ። በኢትዮጵያም በ1968 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዳጆች ማኅበር፣ ገንዘብ እያሰባሰበ ቅርስ በመግዛት የተቋሙን ሙዚየም ሲያጠናክር ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያሉት ማኅበራት ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ቃለ ጉባኤና ማኅተም አላቸው። ሐረር በዚህ ሚዛን ብትመዘን እውነትም የጎደላት ትመስላለች።

በጀጎል ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ከቆየሁ በኋላ የደረስሁበት ሐሳብ ግን ተቃራኒው ነው። የአካባቢ ታሪክ የሚሰበሰብበት፣ የሚታረምበትና ለተከታዩ ትውልድ የሚሰጥበት ማኅበር በሐረር ነበረ፤ አሁንም አለ። ስሙ ብቻ የታሪክ ማኅበር አይደለም። ይህን ጽሑፍ ያቀረብሁት ያ ማኅበር ምን እንደሚሠራ ለማሳየትና፣ እኛ የቋንቋ ባለሙያዎች በሥራው ላይ ሳናስበው ምን ጉዳት ልናደርስ እንደምንችል ለማመልከት ነው። ጉዳቱን ከሌላ ሰው ስሕተት ሳይሆን ከራሴ ደብተር አሳያለሁ።

አፎቻ ለአማርኛ ተናጋሪ ሲገለጽ አብዛኛውን ጊዜ «ዕድር» ይባላል። ትርጉሙ ሐሰት አይደለም፤ ግን ይጠባል። አፎቻ በጉርብትና፣ በወዳጅነትና በዝምድና የተሳሰሩ ሰዎች፣ ወንዶቹ ለብቻ ሴቶቹም ለብቻ ሆነው፣ በለቅሶና በሠርግ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ፒተር ኮን እና ሲድኒ ዋልድሮን በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ አፎቻ በነዋሪውና በአስተዳደሩ መካከል ያለ ማገናኛ መሆኑን አሳይተዋል። እኔ በዚያ ላይ የምጨምረው አፎቻ የማስታወስ ሥራም የሚሠራ መሆኑን ነው። አንድ ሰው ሲሞት ማን በማን ቤት መቀመጥ እንዳለበት፣ ሟቹ በእናቱ በኩል ከየትኛው ቤት እንደሚወለድ፣ የእርሱ ቤተሰብ ከዓመታት በፊት በማን ሐዘን ላይ ተገኝቶ እንደ ነበረ ማወቅ ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ የትውልድ ሐረግ በአፎቻ ዘንድ ለዕውቀት ያህል የሚጠና ሳይሆን ለሥራ የሚፈለግ ነገር ነው። የተሳሳተ ሰው እዚያው በተቀመጠበት ይታረማል፤ ለዚያውም በአክስቶቹ ፊት። ከብዙዎቹ መጽሔቶቻችን የአርትዖት ጉባኤ ይልቅ ፈጣን፣ ምሕረትም የሌለው እርማት ነው።

ቃሉም ራሱ የማኅበሩን ስፋት ይመሰክራል። በሐረርጌ ኦሮምኛ «አፎሻ» ለተመሳሳይ የመረዳጃ ማኅበር ያገለግላል። ግንቡ ሰዎችን ለየ ቢባልም የማኅበሩን ስም ከመሻገር አላገደውም።

ማኅበሩ የሚያስታውሰው የሰዎችን ዝምድና ብቻ አይደለም፤ ቦታንም ነው። ሪቻርድ ቡርተን በጥር 1855 በሐረር 10 ቀናት ቆይቶ በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአምስቱን በሮች ስም መዝግቧል፤ የከተማዪቱ ቋንቋ ከግንቡ ውጭ እንደማይነገርም አስተውሏል። ዛሬም በሐረሪ ቋንቋ በሮቹ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁታት በሪ፣ በድሪ በሪና አስመዲን በሪ ይባላሉ። በአማርኛ ደግሞ እነዚያው በሮች በቅደም ተከተል ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ናቸው። አንዱ የሌላው ትርጉም አለመሆኑን አንባቢ ያስተውል። «ሸዋ በር» የሚለው ስም የሚናገረው ከበሩ የሚነሣው መንገድ ወዴት እንደሚወስድ ነው፤ መንገዱ ያን ያህል ክብደት ያገኘው ደግሞ ከ1887 በኋላ ይመስለኛል። በአንድ በር ላይ ሁለት ስም መኖሩ በአንድ በር ላይ ሁለት ታሪክ መኖሩ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የጻፈ ምልክት ሐሰት አልተናገረም፤ ግማሹን ግን ዝም አሰኝቷል።

የመንገዶቹ ስሞች ከበሮቹ ይልቅ ያዝናናሉ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ በግራና በቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ሲያንቀሳቅሱ ከሚሰማው ድምፅ የተገኘ ስም ነው። የስፌት መኪና ከግንቡ ዕድሜ አንጻር የትናንት ዕቃ ነው፤ ስሙ ግን እንደ ጥንታዊ ስም ሁሉ ይከበራል። «መጋላ» የሚለውን ቃል የኦሮሞና የሶማሌ ጎረቤቶችም ያውቁታል፤ «ጊዲር» ግን «ትልቅ» ማለት ሆኖ የሐረሪ ነው። አንድ የገበያ ስም ስንት ቋንቋ እንደ ተሸከመ ለማሳየት ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ይህ ሁሉ የቃል መዝገብ በሰላም ጊዜ ብቻ የተጠበቀ አለመሆኑ መነገር አለበት። ከተማዪቱ ከ1875 እስከ 1885 በግብፅ ጦር ተይዛ ነበር፤ በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ በተደረገው ውጊያ የመጨረሻው አሚር ተሸንፈው ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር ገባች። የራሷን መሐለቅ ታስመታ የነበረች፣ በመጽሐፍ ድጎሳ የታወቀች ከተማ የአንድ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። በ1948 ከኩሉብ እንቅስቃሴ ጋር በተያያዘ በብዙ የሐረሪ ቤተሰቦች ላይ እስርና የንብረት ውርስ ደረሰ። በ1975 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ከግንቡ ውጭ በነበራቸው እርሻ ይተዳደሩ የነበሩት ኑሯቸው ተናጋ፤ ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ጅዳ፣ ወደ ቶሮንቶና ወደ ሜልቦርን ሄዱ። በእንዲህ ያለ ዘመን ታሪክን በአደባባይ ማኅበር ማቋቋም የሚያስጠይቅ ነበር። ለቅሶ ግን ማንም ሊከለክል አይችልም። የታሪኩ ሥራ ወደ ለቅሶ ቤት፣ ወደ ሠርግ ቤትና ሴቶች ስፌት ይዘው ወደሚቀመጡበት መደብ የገባው በከፊል ስለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ውስጥ ወደ አደባባይ ያወጡት ሰው አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ናቸው። በትምህርት ቤት ስለ ራሳቸው ሕዝብ ታሪክ የተማሩት ነገር ስላልነበረ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በመኖሪያ ቤታቸው የእጅ ጽሑፎችን፣ መሐለቆችን፣ የቤት ዕቃዎችን፣ የቆዩ የዘፈንና የተረት ቅጂዎችን ማሰባሰብ ጀመሩ። ሰዎች በየቤታቸው ደብቀው ያኖሩትን እያመጡ የሰጧቸው ሰውየውን ስለሚያውቁ፣ የእናታቸውንና የአባታቸውንም ቤት ስለሚያውቁ ነው፤ ይህ እንግዲህ ከላይ የገለጽሁት የመተዋወቅ ሥርዓት ፍሬ ነው። የተጎዱ መጻሕፍትን ለማደስ ሲሉም የቀድሞዎቹን ደጓሾች አሠራር ከራሳቸው ከመጻሕፍቱ ላይ አጥንተው የድጎሳውን ጥበብ መልሰው አቁመዋል። ኋላ የክልሉ መንግሥት የራስ ተፈሪ ቤት በመባል የሚታወቀውን ሕንጻ ሰጥቷቸው፣ ስብስቡ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው ሙዚየም ይገኛል። የእጅ ጽሑፎቹ ብቻ ከ1,000 ይበልጣሉ። ጀጎል በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በግንቡ ውስጥ ያሉ 82 መስጊዶችና 102 አዋች ተቆጥረዋል፤ በቤት ውስጥ የተቀመጠውን ግን የሚቆጥረው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

«አዋች» ስል ለአንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። ቃሉ የ«አው» ብዙ ቁጥር ነው፤ «አው» ደግሞ «አባት»። አው አባድር ሲባል አባት አባድር ማለት ነው፤ ለሴት ቅዱሳት «አይ» ይባላል፣ እናት። ብዙ ቁጥሩን የሚያሳየው ምዕላድ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። በመዝገብ ላይ «መቃብር» ወይም «የጸሎት ቦታ» ተብሎ የሚጻፈው ነገር በሚጠብቁት ሰዎች አፍ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ። በመጀመሪያው ቆይታዬ የሐረሪን ቤት የውስጥ ክፍሎች ስም ለመሰብሰብ የቃላት ቅጽ አዘጋጅቼ ነበር። ቅጹ በአማርኛ ነበር፤ ጥያቄውም በአማርኛ ይቀርባል፣ መልሱ በሐረሪ ይጻፋል። በሰባተኛው መስመር «መደብ» የሚል ነበር። የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ያለ ማመንታት «ነደባ» አሉኝ፤ እኔም ጽፌ አለፍሁ። የሁለቱ ቃላት መመሳሰል ስላስደሰተኝ ከዚያ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሁለተኛው ቆይታዬ በአንድ ቤት ጥግ ላይ ልቀመጥ ስል የቤቱ ባለቤት ክንዴን ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ሲመሩኝ ነው የተሳሳትሁትን ያወቅሁት። ነደባ አንድ አይደለም። ጊዲር ነደባ አለ፣ ትልቁ፤ ቲት ነደባ አለ፣ ትንሹ፤ አሚር ነደባ አለ፣ የቤቱ ጌታ ቦታ፤ ገብቲ ኤሐር ነደባ አለ፣ ከበሩ ኋላ ያለው፤ ሱትሪ ነደባም አለ፣ ስሙን «ሸፈነ» ከሚለው የዐረብኛ ግሥ ያገኘው፣ የተሰወረው ቦታ። አምስት ከፍታ፣ አምስት ማዕረግ፤ ማን ከማን በላይ፣ ማን ከማን ጀርባ እንደሚቀመጥ የሚናገር ሙሉ የማኅበራዊ ኑሮ ሰነድ። በእኔ ቅጽ ላይ ግን አንድ መስመር።

የተሳሳትሁት በድምፅ አጻጻፍ አይደለም። የተሳሳትሁት ጥያቄውን የጠየቅሁበት ቋንቋ መልሱን አስቀድሞ ስለ ወሰነው ነው። አማርኛ አንድ መደብ ስላለው የእኔም ሐረሪ አንድ ነደባ ብቻ ኖረው። ይህ ስሕተት በቃላት ጥናት ሲሠራ በሚቀጥለው ጉዞ ይታረማል። በሙዚየም መዝገብ ወይም በአካባቢ ታሪክ ስብስብ ላይ ሲሠራ ግን ዕቃውን የሰጡት ሰው በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ።

የጽሕፈቱ ጉዳይ ነገሩን ያከብደዋል። ሐረሪ ለዘመናት በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል፤ ቸሩሊ በ1936 ያሳተመው ኪታብ አል ፈራኢድ ከቆዩት ምስክሮች አንዱ ነው። ከ1991 ለውጥ በኋላ በትምህርት ቤት የግዕዝ ፊደል ገባ። በውጭ አገር የተወለዱት ልጆች ደግሞ በስልካቸው የሚጻጻፉት በላቲን ነው። እንግዲህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አያትየው የጻፉትን የልጅ ልጃቸው ማንበብ አይችልም፤ የልጅ ልጁ የጻፈውን ደግሞ ቶሮንቶ ያለችው የአጎቱ ልጅ በጭንቅ ታነባለች። የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም። ሁሉም የሚሰጡትና የሚነፍጉት አላቸው። የዐረብኛው ፊደል መጥበቅን በሸዳ ያሳያል፤ ግዕዙ አያሳይም። ግዕዙ አናባቢዎቹን በየፊደሉ ይለያል፤ ዐረብኛው ከድምፁ ብዙውን ለአንባቢው ይተዋል።

የአማርኛ ጽሕፈት ልማድ ወደ ሐረሪ ሲገባ የሚያደርሰውን ግን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም መዝገብ ጸሐፊዎቻችን በአብዛኛው በአማርኛ ማንበብና መጻፍ የተማሩ ናቸው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ ስለማይለዩ፣ ጸሐፊው የትኛውንም ቢጽፍ አንባቢው አይቸገርም። በሐረሪ ግን «ሐ» የራሱ ድምፅ አለው፤ በደቡብ ኢትዮ-ሴማዊ ቋንቋዎች መካከል ይህን ድምፅ ጠብቆ የቆየ ቋንቋ መሆኑ ለንጽጽር ጥናት ያለውን ዋጋ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስልጤን፣ ዛይንና ወላኔን የሚያጠኑ ባልደረቦቼ በዚህ ነጥብ ወደ ሐረሪ ደጋግመው የሚመለሱት በምክንያት ነው። በአማርኛ ልማድ የተጻፈ አንድ የዕቃ ዝርዝር በሁለት ገጽ ውስጥ ይህን ልዩነት ሊደመስሰው ይችላል፤ የደመሰሰውም ሰው ምንም እንዳላደረገ ያምናል።

እዚህ ላይ ስለ ሙያችንም ታሪክ ትንሽ መናገር ተገቢ ነው። ቡርተን በመጽሐፉ መጨረሻ የሐረሪን ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አያይዟል። ሞንዶን-ቪዳዬ በ1902፣ ቸሩሊ በ1936፣ ሌስላው በ1963 በሥርወ ቃል መዝገበ ቃላቱ፣ ቫግነርም በ1983 በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የሐረሪ ጽሑፎችን አሳትሞ፣ ቋንቋው በዓለም እንዲታወቅ አድርገዋል። ሥራዎቹን በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ፤ ዕዳዬም ቀላል አይደለም። ነገር ግን በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛና በጀርመንኛ የተጻፉ ናቸው። ቃሉን የሰጡት ሰዎች መጽሐፉን አላነበቡትም፤ ብዙዎቹም አላዩትም። ሐረር ለአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ቃል ስትሰጥ ኖራ የተመለሰላት ጥቂት ነው። የአካባቢ ታሪክ ሰብሳቢዎች ሥራ ይህን አቅጣጫ የሚገለብጥ በመሆኑ፣ ከእኛ የሚፈልጉት አድናቆት ሳይሆን በመዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን መጻፍ ነው።

ይህን ስል ማኅበረሰቡ ስለ ራሱ የሚናገረውን ሁሉ ሳንመረምር እንቀበል ማለቴ አይደለም። የሐረሪ ቤት ወለል በቀይ አፈር የሚቀባው በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል፤ ለጎብኚ ሁሉ የሚነገር ነው። ቀይ ወለል ከጨለንቆ በፊት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ሰዎች ወለላቸውን ሲያዩ ጨለንቆን ማስታወሳቸው ግን ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። መዝገቡ ሁለቱን ለይቶ መያዝ ይችላል። በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ቤትም እንዲሁ ነው፤ ገጣሚው በ1891 ሞተ፣ ዛሬ የምናየውን ባለ ፎቅ ሕንጻ የሠራው ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ስሙ የፈረንሳዊው ሆኖ ቀረ። ሕንዳዊው ነጋዴ አፎቻ ስላልነበረው ይሆናል፣ ብዬ አንድ ቀን በቀልድ ተናግሬ ነበር፤ አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌ አልሳቁም። «እውነትህን ነው፤ የሚያስታውስለት ሰው የለውም» አሉኝ።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሐረሪ ክልል ነዋሪ 183,415 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ሐረሪዎች 8.65 በመቶ ሲሆኑ ኦሮሞዎች 56.41 በመቶ፣ አማሮች 22.77 በመቶ ነበሩ። የግንቡ ታሪክ የእነዚህም ሰዎች ታሪክ ነው። ሶማሌዎች ከተማዪቱን «አደሪ» ይሏት ነበር፤ በአማርኛ «አደሬ» ተብሎ ለሕዝቡና ለቋንቋው የተሰጠው ስም ዛሬ ባለቤቶቹ የማይወዱት ነው፤ ራሳቸውን «ጌይ ኡሱእ»፣ ቋንቋቸውንም «ጌይ ሲናን» ይላሉ፤ «ጌይ» ከተማ ነውና፣ የከተማው ሰው፣ የከተማው ቋንቋ ማለታቸው ነው። በቆዩ ጽሑፎችና ካርዶች ላይ «አደሬ» የሚለውን የሚያገኝ ወጣት መዝጋቢ ምን ያድርግ? ሰርዞ በሌላ ቢተካው ሰነዱን ያበላሻል፤ እንዳለ ቢተወው ሰዎቹን ያስቀይማል። እኔ የምመክረው የቆየውን እንዳለ ማቆየት፣ ከጎኑም ባለቤቶቹ የሚሉትን በቀንና በጸሐፊው ስም መጨመር ነው። ለበሮቹም፣ ለነደባዎቹም መፍትሔው ከዚህ አይርቅም፤ ለአንድ ነገር ከአንድ በላይ የስም ቦታ ያለው መዝገብ ያስፈልጋል።

የመጨረሻዋን ምሳሌ በመጨረሻው ሳምንቴ ነው ያገኘኋት። በአንድ የሴቶች አፎቻ አባላት ቤት ተጋብዤ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አንድ በአንድ እየጠየቅሁ እጽፍ ነበር። የሐረር ስፌት እንደየሥራውና እንደየሰጪው ስም አለው። ከሁለት ወጣት ረዳቶቼ አንዱ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በአማርኛ ያስተካከልነውን አዲስ ቅጽ ይሞላ ነበር። ከትልልቆቹ ስፌቶች ወደ አንዱ ጠቁሞ ስሙን ጠየቀ፤ የቤቱ እመቤት መለሱለት፤ ጻፈና ቀጥሎ ደነገጠ። የጻፈው «የአማት ሞት» የሚል ነበር።

ወረቀቱን ሳነብላቸው ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዷ እስኪያለቅሱ። ስፌቱ «ሐማት ሞት» ነው፤ ሙሽራዪቱ ለባሏ እናት የምትሰጠው። «ሞት» በሐረሪ የስፌት ስም ነው። ረዳቴ የመጀመሪያውን ቃል ወደ አማርኛ ተረጎመው፣ ሁለተኛውን እንደ ሰማው ጻፈው፣ አንዲት አማትም ሳትታመም ተቀበረች። ነገሩ እንደ ቀልድ ቢያልፍም ውስጡ ሌላ ነገር አለ፤ በግዕዝ «ሐማት» የነበረው ቃል በአማርኛ «ሐ»ውን ጥሎ «አማት» ሲሆን፣ ሐረሪ ድምፁን ይዞ ቆይቷል። ረዳቴ በአንድ ጭረት ያንን ድምፅም፣ ሙሽራዪቱ ለአማቷ ያላትን አክብሮትም፣ የስፌቱን ሥራም አጥፍቶ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ «ስም በአማርኛ» የሚለውንም ዓምድ መጀመሪያ ላይ ያደረግሁት እኔው።

በዚያው ከሰዓት ዓምዶቹን ቀያየርናቸው። መጀመሪያ «ሰጪዋ የሚሉት» የሚለው መጣ፤ ቀጥሎ ስለ ዕቃው የተናገሩት ዐረፍተ ነገር እንዳለ፣ በራሳቸው ቋንቋ፤ የአማርኛው ስም ወደ መጨረሻው ተገፋ፤ ባዶ ሊቀርም ተፈቀደለት። የቤቱ እመቤት ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። እርሳቸው ያነበቡት በልጅነታቸው የተማሩትን የዐረብኛ ፊደል ብቻ ስለ ነበር፣ የጻፍነው አልተገለጠላቸውም። «ልጄ፣ የቱ ጋ ነው እኔ ያልሁት?» አሉኝ። መስመሩን በጣቴ አሳየኋቸው። እርሳስ ጠይቀው ከጎኑ በዐረብኛ ፊደል፣ ቀስ ብለው፣ «ሐማት ሞት» ብለው ጻፉበት፤ «ሐ»ውን በ«ሓ» ፊደል፣ ያለ ነጥብ። ያቺ ወረቀት አሁንም በፋይሌ ውስጥ አለች፤ የእርሳሱ ጽሕፈት እየደበዘዘ ስለ ሆነ በዚህ ወር ፎቶ አንሥቻታለሁ፤ ቅጂውንም ወደ ቤታቸው ልኬዋለሁ።